ያገለገለ የሞተር ሳይክል ዕቃ ስትገዙ፦ ከየት፣ ከማን፣ በምን ማስረጃ

ሞተር ሳይክል የሰረቀ ሰው ሙሉውን እንደቆመ መሸጥ ይከብደዋል። ሻንሲው ላይ ቁጥር አለ፣ ሞተሩ ላይ ቁጥር አለ፣ ታርጋ አለ፣ ሊብሬ አለ። ማታ ፈትቶ ጠዋት ለየብቻ ካወጣው ግን ካርቡራተሩ፣ ጎማው፣ ሰልባትዮው (የቤንዚን ጋኑ)፣ ሲዲአዩ (ለካንዴላው እሳት የሚልከው የኤሌክትሪክ ሳጥን)፣ ወንበሩም ባለቤታቸው እንኳ አይቶ «የኔ ናቸው» ብሎ የማይሟገትባቸው ዕቃዎች ይሆናሉ። ስለዚህ ያገለገለ ዕቃ የምንገዛ ሰዎች፣ ወደድንም ጠላንም፣ ከዚህ ገበያ ሩቅ አይደለንም።

ይህ ማለት ግን ያገለገለ ዕቃ አይነካ ማለት አይደለም። ከተጋጨ ቦክሰር ሞተር ሳይክል ላይ የተፈታ የፋብሪካ ቴስታታ (የሲሊንደር ክዳን)፣ ካርቶኑ ላይ ብቻ ኦርጅናል ተብሎ ከተጻፈበት አዲስ ቴስታታ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ኦርጅናሉም ሁልጊዜ አይገኝ፣ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስ። ዋናው ነገር አንድ ነው፤ ዕቃውን ከማየታችሁ በፊት ዕቃው የወጣበትን ሞተር ሳይክል ጠይቁ። ሌላው ሁሉ አጠያየቅና አፈታተሽ ነው። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ከ100 እስከ 150 ሲሲ ያሉትን ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክሎች፣ በተለይም ቦክሰርን፣ ታሳቢ ያደረገ ነው።

ከቤት ሳትወጡ

የምትፈልጉትን በትክክል እወቁ። «የቦክሰር ዕቃ» ማለት አይበቃም። ቦክሰር 100 አለ፣ ቦክሰር 150 አለ፤ ከውጭ ሲያዩዋቸው ይመሳሰላሉ፣ ፒስተናቸው ግን አይገናኝም። የቦክሰር 150 ሲሊንደር የውስጥ ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፒስተኑ የሚመላለሰው ደግሞ 58.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 144.8 ሲሲ የሚባለው ከዚህ ተሰልቶ ነው። ሱቅ ገብታችሁም «የባጃጅ ፒስተን አለ?» አትበሉ። ቦክሰርን የሚሠራው ባጃጅ የተባለው የህንድ ኩባንያ ቢሆንም እኛ አገር ባጃጅ ማለት ባለ ሦስት እግሩ ነው፤ ባለ ሱቁ የሚያወጣላችሁም የእሱን ነው።

አሮጌውን ዕቃ ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። መፍታት ካልተቻለ ከፊቱም ከጀርባውም ፎቶ አንሱት፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን ርቀት ከመሃል እስከ መሃል ለኩ። ኮሮናና ፒኞን (ሰንሰለቱ፣ ማለትም ካቴናው፣ የሚዞርባቸው የኋላና የፊት ጥርሳም ክቦች) ከሆነ ጥርሱን ቁጠሩ። በቦርሳችሁ ካሊፐር፣ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ ማግኔት፣ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ)፣ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና የክፍተት መለኪያ ስስ ቅጠሎች ይኑሩ። ይህን ሁሉ ይዞ የመጣን ገዢ ሻጭም ቢሆን ደፍሮ አይዋሸውም።

የራሳችሁን ሞተር ሳይክል ሁለቱን ቁጥሮችም ስልካችሁ ላይ ያዙ። ቦክሰር ላይ የሻንሲ ቁጥሩ መሪው በሚዞርበት ቱቦ ላይ በቀኝ በኩል ነው፤ የሞተር ቁጥሩ በግራ በኩል፣ ማርሽ መርገጫው አካባቢ ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ላይ ተመትቷል። ቆሻሻ ስለሚሸፍነው በናፍጣና በብሩሽ ካልታጠበ አይነበብም።

አሮጌው የማይገዛ፣ አሮጌው የሚያዋጣ

የፍሬን ሸራ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ካቮ፣ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ጓርኒሲዮን (መጋጠሚያ ማሸጊያ)፣ ኩሽኔታ (የሚዞር ዘንግ የሚሸከም ባለ ኳስ ቀለበት)፣ የዘይት ማገጃ ጎማ፣ ሄልሜት፤ እነዚህን አዲስ ግዙ፣ ያለ ድርድር። ሄልሜት አንዴ መሬት ከመታ የውስጡ ፎም ተጨፍልቆ ይቀራል፣ ከውጭ ግን አይታይም።

ካቴና ከኮሮናና ከፒኞን ጋር አብሮ ነው የሚያረጀው። ያገለገለ ካቴና በአዲስ ኮሮና ላይ ካሰራችሁ ኮሮናውን በጥቂት ወራት ይበላዋል። የግድ ልግዛ ካላችሁ ግን ለኩት። 428 ካቴና ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ወጥራችሁ 20 ማያያዣ ስትለኩ 254 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት። 259 ከደረሰ አልቋል። ጎማ ከሆነ ጎኑ ላይ በዶት ጽሑፉ መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 (በፈረንጅ) በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ቢያምርም ጎኑ ከተሰነጣጠቀ ተዉት።

ሰልባትዮ፣ ቴስታታ፣ ያልሰፋ ሲሊንደር፣ ካርተር፣ ቸርኬና ሞዞ (የቸርኬው እምብርት)፣ የፊትና የኋላ አሞርዛተር (ንዝረት ማብረጃ)፣ ካርቡራተር፣ ቦቢና (የካንዴላ ኮይል)፣ መብራት፣ ወንበር፤ እነዚህ ቢገዙ ያዋጣሉ። በዋጋ በኩል እኛ የምንሄድበት መለኪያ ቀላል ነው፦ ከአዲሱ ዋጋ ግማሽ በላይ ከጠየቀ አዲሱን ግዙ፤ ከሩብ በታች ከጠየቀ ደግሞ ቆም በሉ። ርካሽነት ብቻውን የስርቆት ማስረጃ አይደለም፣ የተቸገረ ሰውም በርካሽ ይሸጣል። ግን ለሚቀጥሉት ጥያቄዎች በቂ ምክንያት ነው።

ንጹህ ምንጮች የት አሉ?

ከሁሉ የተሻለው ወረቀት ያለው ምንጭ ነው። ኢንሹራንሶች ካሳ ከፍለው የተረከቧቸውን የተጋጩ ተሽከርካሪዎች በጨረታ ይሸጣሉ። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የእርዳታ ድርጅቶችም አሮጌ ሞተር ሳይክሎቻቸውን፣ ያማሃ ኤጂ 100 እና ዲቲ 125፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125 የመሳሰሉትን፣ እንዲሁ በጨረታ ያስወግዳሉ። ማስታወቂያው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይና በግቢያቸው በር ላይ ይለጠፋል፤ ሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ማስያዝ አለባችሁ። ብቻችሁን አቅም ከሌላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ የማይሠራ ሞተር ሳይክል ገዝታችሁ ተከፋፈሉት፤ ዕቃው ከማን እንደመጣ የጨረታው ደረሰኝ ይናገራል። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ግን ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ከመጫረታችሁ በፊት አጣሩ፤ ርካሽ የመሰለው ዋጋ እዚያ ላይ ይገለበጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የሚያፈርሱ ጋራዦች ናቸው። ጥሩው ጋራዥ የፈረሰውን ሞተር ሳይክል ሬሳ አሁንም ግቢው ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሻንሲው ጥግ ላይ ቆሞ ታዩታላችሁ። የንግድ ፈቃዱ ተሰቅሏል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል፣ ነገም እዚያው ነው።

አዲስ አበባ መርካቶ አጠገብ ያለው ሶማሌ ተራ በተሽከርካሪ መለዋወጫ የታወቀ ነው። እዚያ የሚሠራ ነጋዴ ሁሉ የሌባ ተቀባይ ነው ማለት ነውር ነው፣ ውሸትም ነው፤ አባቱም አያቱም እዚያው በሐቀኝነት የነገዱ አሉ። ልዩነቱ የሚታየው ሱቅ ባለው ሰውና ሱቁ ደጃፍ ቆሞ «ምን ፈልገህ ነው? ና ላሳይህ» በሚለው መካከል ነው። ሁለተኛው ዕቃውን በእጁ አልያዘም፤ «አምስት ደቂቃ ጠብቅ» ብሎ ይሄዳል። ያ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ እናንተም እሱም አታውቁም። አንዳንዴም የሚመጣው ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ከቆመ ሞተር ሳይክል ላይ ነው።

ቴሌግራም ላይ የሚለጠፈውን በተመለከተ፦ ፎቶው ከሙሉው ሞተር ሳይክል ላይ ሳይፈታ የተነሳ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። አልጋ ልብስ ላይ የተደረደረ ካርቡራተር፣ ሲዲአይ፣ ቦቢናና የፊት መብራት፣ ሻጩም «ሌላ ዕቃ የለኝም» የሚል ከሆነ የቀረው የት ገባ ብላችሁ ጠይቁ።

ለሻጩ የሚቀርቡት ጥያቄዎች

እንደ ፖሊስ አትጠይቁ። ሰላምታ ስጡ፣ ስለ ዕቃው አውሩ፣ ከዚያ እንደ ዋዛ፦ «ይቺ ከየትኛው ሞተር የወጣች ናት ወንድሜ?»

ሐቀኛ ሻጭ ይህን ጥያቄ ይወደዋል፣ ዕቃውን ማሞገሻ ስለሚሆንለት። «የአንድ ልጅ ቦክሰር ነበር፣ አይሱዙ ገጨው፣ ሻንሲው ታጥፏል፣ ሞተሩ ግን ምንም አልሆነ» ይላል፤ ከየት ከተማ እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ መቼ እንደፈታው ይጨምራል። ያላማረ መልስ ደግሞ አጭር ነው፦ «እሱን ተወው፣ ዕቃው ኦርጅናል ነው።»

በመቀጠል የቀረውን ጠይቁ። ሰልባትዮ የምትገዙ ከሆነ የጎን ፕላስቲኮቹ አሉ ወይ በሉ፤ የፊት ቸርኬ ከሆነ የኋላው አለ ወይ በሉ። ሞተር ሳይክል ያፈረሰ ሰው ያልተሸጠለት የተረፈ ዕቃ አያጣም፤ እንዲያውም የማትፈልጉትን ሁሉ ሊጭንባችሁ ይሞክራል። አንድ ጥሩ ዕቃ ብቻ በእጁ ያለ ሰው ግን ያንን አንድ ዕቃ ከየት እንዳመጣው መናገር አለበት።

ሦስተኛው ጥያቄ የሊብሬ ኮፒ ወይም የግዢ ወረቀት ነው። ለአንድ መስታወት ሊብሬ መጠየቅ ያስቃል፤ ለሞተር፣ ለሻንሲና ለካርተር ግን ሳይታይ ብር አይወጣም። ለመካከለኛው፣ ማለትም ለካርቡራተር፣ ለቸርኬና ለአሞርዛተር፣ የሻጩ መታወቂያ ኮፒና ፊርማ ይበቃል። «መታወቂያዬን ምን ልታደርግበት?» ብሎ የሚቆጣ ሰው ካለ አትከራከሩት፣ ይቅር ብላችሁ ሂዱ።

ዕቃው ራሱ የሚናገረው

ሻጩ ምንም ቢል የፈታው እጅ ምልክት ይተዋል። ረጋ ብሎ የፈታ መካኒክ የመብራቱን ሶኬት በጣቱ ተጭኖ ይነቅለዋል፣ ሶኬቱ ከነሽቦው ሙሉ ይሆናል። የቸኮለ ሰው በፒንሳ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ሲዲአይ፣ የመብራት ስብስብ ወይም ስታተር (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል ሽቦ) ስትገዙ ሽቦውን ተከትላችሁ ጫፉን እዩ፤ ከሶኬቱ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ርቆ በአንድ ምት የተቆረጠ፣ መዳቡ ገና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ምክንያቱን ጠይቁ። ዝገት የያዘ ብሎን በግራይንደር ቢቆረጥ የተለመደ ነው። ዝገት የሌለው ብሎን ሲቆረጥ ግን ቁልፍ ያጣ ወይም ጊዜ ያጣ ሰው ነው።

ከሁሉ የሚያጋልጠው ቁልፍ ነው። በብዙ ሞተር ሳይክሎች ላይ የማስነሻው ቁልፍ የሰልባትዮውን ክዳንና የመሪውን መቆለፊያም ይከፍታል። ሰልባትዮ ከነክዳኑ ተሸጦ ቁልፉ ከሌለ፣ ወይም የክዳኑ ቁልፍ ማስገቢያ በጠፍጣፋ ካቻቪቴ ተገድዶ አፉ ከሰፋ፣ ነገሩ መልካም አይደለም። የማስነሻ ቁልፍ ቤት ለብቻው ስትገዙ መሃሉ በድሪል የተበሳ ከሆነ ዕቃውም አይሠራም፣ ታሪኩም አይጣፍጥም። የመሪው ቱቦ ውስጥ የመቆለፊያው ምላስ የሚገባበት ቀዳዳ ጠርዙ ተቀድዶ ከሆነም መሪው እንደተቆለፈ በጉልበት ተጠምዝዟል ማለት ነው።

አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ በሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥላለች፤ በሞተር የሚፈጸም ንጥቂያ አንዱ ምክንያት ነበር። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ያላቸው ሞተረኞች በማኅበር ተደራጅተው ነው የሚሠሩት። የማኅበር ስቲከር የተፋቀበት ፕላስቲክ ወይም የዕቃ መጫኛ ሳጥን ካጋጠማችሁ የስቲከሩን ጥላ በእጅ ባትሪ በጎን አብሩበት፤ ብዙ ጊዜ ስሙ ይነበባል፣ ማኅበሩንም መጠየቅ ይቻላል።

እነዚህ ምልክቶች ለየብቻቸው ማንንም ሌባ አያደርጉም። መሣሪያ የሌለው መካኒክም ሽቦ ይቆርጣል፣ ቁልፍ የጠፋበት ባለቤትም ክዳኑን ይገነጥላል። ሁለት ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡና ሻጩም መልስ ሲያጥረው ግን ሂሳቡ ግልጽ ነው።

ሞተር ወይም ካርተር ከሆነ ቁጥሩን አንብቡ

ቁጥሩን በጣታችሁ ዳብሱት። ካርተር በፎርም የፈሰሰ አሉሚኒየም ስለሆነ ፊቱ ትንሽ ሻካራ ነው፤ ቁጥሩ የተመታበት ቦታ ግን ፋብሪካው ራሱ ያስተካከለው ሊሆን ይችላል። የሚያጠራጥረው ልስላሴው ራሱ አይደለም፤ መሃሉ ጎድጎድ ማለቱ፣ የአሸዋ ወረቀት ጭረት በአንድ አቅጣጫ መታየቱ ወይም ዙሪያው ሳይቀባ እዚያ ላይ ብቻ ቀለም መቀባቱ ነው። ፋብሪካ የመታው ቁጥር ጥልቀቱና ርቀቱ ወጥ ነው። በእጅ የተመታ ግን አንዱ አሃዝ ዘንበል፣ አንዱ ጠለቅ ይላል፤ ተመሳሳይ አሃዞች፣ ለምሳሌ ሁለት ስምንቶች፣ መልካቸው የተለያየ ከሆነ ተዉት። ቁጥር ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ስለሚጨመቅ በግራይንደር ቢፋቅም የፖሊስ ምርመራ በኬሚካል መልሶ ሊያወጣው ይችላል።

የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አሃዝ ነው። ከ1 እና ከ0 ጋር እንዳይምታቱ አይ፣ ኦ እና ኪው የተባሉት የላቲን ፊደላት አይገቡበትም፤ አንዱን ካያችሁ ቁጥሩ ተጭበርብሯል። ከህንድ የሚመጣ የባጃጅ ምርት በኤም-ዲ-2፣ ቲቪኤስ ደግሞ በኤም-ዲ-6 ይጀምራል።

ሞተር ከቀየራችሁ ለውጡ ሊብሬው ላይ መመዝገብ አለበት። ለዓመታዊው ምርመራ ስትቀርቡ ቁጥሩ ካልገጠመ ቦሎ አይሰጣችሁም፤ የቀድሞው ባለቤት ሊብሬና የሽያጭ ውል የሌለው ሞተር በነፃ ቢሰጣችሁ እንኳ የሚተርፋችሁ ችግር ነው።

የጤንነት ፍተሻ በየዕቃው

ሙሉ ሞተር፦ ካንዴላውን አውልቃችሁ ኪኩን በእጅ ቀስ ብላችሁ አዙሩት። ወጥ ሆኖ መዞር አለበት፤ አንድ ቦታ ላይ የሚያዝ ከሆነ ማርሹ ወይም ኩሽኔታው ተጎድቷል። ካንዴላውን መልሳችሁ ስትረግጡት እግርን የሚገፋ ጥሩ ኮምፕሬሽን ሊኖረው ይገባል። የዘይት መውረጃውን ብሎን ፍቱና ዘይቱን በጣታችሁ አሹት፤ ማግኔት ላይ የሚጣበቅ ደቃቅ ዱቄት የተለመደ ነው፣ በጥፍር የሚያዝ ስባሪ ግን የማርሽ ጥርስ ነው። ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል፤ ይህ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ ስለሆነ ውኃው ከውጭ ነው፣ ጎርፍ ወይም ለወራት ዝናብ ላይ የቆመ ነው፣ ኩሽኔታዎቹም ዝገዋል።

ኮሎና ቢዬላ (ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግና ሁለቱን የሚያገናኘው ክንድ)፦ ቢዬላውን ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ሳቡት። ምንም፣ ጭራሽ ምንም ክፍተት መኖር የለበትም። ወደ ጎን ትንሽ መንቀሳቀሱ ጤና ነው። ብዙ ገዢ ሁለቱን ያምታታና ጥሩውን ጥሎ የሞተውን ይገዛል።

ሲሊንደር፦ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየቦታውም በሁለት አቅጣጫ ለኩ። ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቶርኖ ቤት መግባቱ ነው። ቀድሞ ሰፍቶ ከሆነ ፒስተኑ አናት ላይ 0.25፣ 0.50፣ 0.75 ወይም 1.00 የሚል ቁጥር ይኖራል፤ 1.00 ከደረሰ ከዚያ በኋላ የሚሰፋበት ብዙም የለም። ተራ ካሊፐር ለዚህ ልኬት አያስተማምንም፣ የቶርኖ ቤቱን የውስጥ መለኪያ ተጠቀሙ።

ቴስታታ፦ የብረቱን ማስመሪያ በማዕዘንና በአግድም አጋድማችሁ 0.05 ቅጠል ከሥሩ ሊገባ ይችል እንደሆነ ሞክሩ፤ ከገባ ተጣሟል። ስንጥቅ የሚጀምረው በካንዴላው ቀዳዳና በቫልቩ መቀመጫ መካከል ስለሆነ እዚያ ላይ ጥቀርሻውን ጠርጋችሁ እዩ። ከዚያ ገልብጡትና በመግቢያና በመውጫ ቀዳዳው ነጭ ጋዝ አፍስሱ፤ ወዲያው ወደ ታች ካፈሰሰ ቫልቩ አይዘጋም። ይህ ብቻ ከሆነ በማሸት ይስተካከላል፣ ዋጋ መቀነሻ አድርጉት። የካንዴላው ጥርስ ከተበላ ግን ተዉት።

ካርቡራተር፦ በውስጡ የሚንሸራተተውን ፒስተን አውጥታችሁ ጎኑ ላይ የተበላ ቦታ ፈልጉ። መልሳችሁ አስገቡና አንቀጫቅጩት፤ በጣም ከተንቀጫቀጨ ሚኒሞው (ጋዝ ሳይሰጥ የሚዞርበት ፍጥነት) መቼም አይረጋም፣ የቱንም ያህል ብትቀይሩለት። ስታርተሩን (በብርድ ማስነሻውን)፣ የሳህኑን ብሎኖችና የቤንዚን መርፌውን መቀመጫ እዩ።

የፊት አሞርዛተር፦ ቱቦውን መስታወት ላይ አንከባልሉት፤ ከሥሩ ብርሃን ብልጭ ድርግም ካለ ታጥፏል። ከ0.2 ሚሊ ሜትር በላይ የታጠፈ ቱቦ ጥሩ ቢመስልም መሪውን ይጎትታል። ከዚያ ክሮሙን በጥፍራችሁ ሳቡበት፤ ጥፍር የሚይዝ ዝገት አዲስ የገጠማችሁትን የዘይት ማገጃ በሳምንታት ይቀደዋል።

ቸርኬ፦ አሽከርክሩትና አንድ ነገር አጠገቡ ይዛችሁ ተመልከቱ፤ ወደ ጎን ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ መወዛወዝ የለበትም። ባለ ራጂ ከሆነ በማጥበቅ ይስተካከላል፣ አሎይ ከሆነ ግን የተጣመመ አሎይ ይጣላል፤ አንጥረኛ ያቃናው ብረት ጉድጓድ ሲመታ ይሰበራል።

ሰልባትዮ፦ ውስጡን በእጅ ባትሪ እዩ፣ ከሥር ያሉትን መጋጠሚያዎች ዳብሱ። ቤንዚን የሸተተን ሰልባትዮ ማንም እንዲበይድባችሁ አትፍቀዱ፤ ባዶ ቢመስልም ትነቱ ይፈነዳል።

የኤሌክትሪክ ዕቃ ላይ ብዙ አትድከሙ። ስታተርን በቴስተር ለኩት፤ ሽቦዎቹ እርስ በርስ ጥቂት ወይም ብዙ ኦም ማሳየት አለባቸው፣ ወደ መሬት ግን ማሳየት የሌለባቸው አሉ፣ ሥዕሉን አስቀድማችሁ ተመልከቱ። ሲዲአይ በቴስተር አይታወቅም፣ ተገጥሞ ብቻ ነው የሚፈተሸው። ሶኬቱ ቢገጥምም ከስታተሩ በቀጥታ የሚሠራውና ከባትሪ የሚሠራው ሲዲአይ አይለዋወጡም፤ ብትለዋውጧቸው ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ሲዲአይ ስትገዙ «ካልሠራ እመልሳለሁ» የሚለውን ቃል በወረቀት አስገቡ።

ብርና ወረቀት

በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል በቴሌብር ወይም በባንክ ላኩ፤ የተቀባዩ ስም ይቀራል። የተቀባዩ ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ካልገጠመ፣ ሻጩም «ለጓደኛዬ ላክለት» ካለ፣ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ የሁለታችሁን ስም፣ ዕቃውን ከነመለያው፣ የወጣበትን ሞተር ሳይክል ታርጋ ወይም ሻንሲ ቁጥር፣ ዋጋውን ጻፉና ተፈራረሙ። ለሞተር ከሆነ ሁለት ምስክር ጨምሩ።

ይህ ወረቀት በሕግም ክብደት አለው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 682 መሠረት የተሰረቀ ዕቃን መግዛት፣ መደበቅና ማሻሻጥ ያስቀጣል። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1165 ደግሞ ባለቤቱ የተሰረቀ ዕቃውን በቅን ልቦና ከገዛ ሰው እጅም ማስመለስ ይችላል። ይሁንና ገዢው በቅን ልቦና የገዛው ተመሳሳይ ዕቃ ከሚሸጥበት መደብር፣ ከአደባባይ ገበያ ወይም ከሐራጅ ከሆነ የከፈለውን ዋጋ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። ደረሰኝ ካለው ሱቅ ጥቂት ጨምሮ መግዛት የሚያዋጣው ለዚህም ነው፤ ከመንገድ የገዛ ሰው ዕቃውንም ብሩንም ሊያጣ ይችላል።

በመካኒኩ በኩል የሚገባው

ብዙ ሰው አጠራጣሪ ዕቃ የሚገዛው ሳያውቅ ነው፤ መካኒኩ «እኔ አመጣልሃለሁ» ይላል፣ ብር ይቀበላል፣ ዕቃው ይገጠማል። ተመሳሳዩ ጥያቄ ለእሱም ይቅረብ፣ ደረሰኙም ይምጣ። አሮጌውን ዕቃ መልሳችሁ ውሰዱ። ይህ ሁለት ጥቅም አለው፤ አንደኛ በእርግጥ መቀየሩን ታውቃላችሁ፣ ሁለተኛ የእናንተ ደህና ካርቡራተር «አርጅቷል» ተብሎ ወጥቶ ነገ ለሌላ ሰው አይሸጥም። ሞተር ሳይክል ለቀናት ጋራዥ የምታሳድሩ ከሆነ ካርቡራተሩን፣ ሲዲአዩን፣ ባትሪውንና ጎማዎቹን ከመለያ ቁጥራቸው ጋር ፎቶ አንስታችሁ መካኒኩ እያየ አስቀምጡ።

ከገዛችሁ በኋላ ብትጠረጥሩ

መጀመሪያ አትሽጡት። እያወቁ ለሌላ ማስተላለፍ ከገዢነት ወደ አሻሻጭነት መሻገር ነው። ዕቃው መለያ ቁጥር ካለው፣ በተለይ ሞተር ወይም ሻንሲ ከሆነ፣ ወረቀታችሁን ይዛችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ሂዱ፤ ራስ አስቀድሞ መቅረብና ተይዞ መገኘት አንድ አይደሉም። ቁጥር የሌለው ትንሽ ዕቃ ከሆነ ወደ ሻጩ ተመለሱና ብራችሁን ጠይቁ፤ እንቢ ካለም ኪሳራውን ውጣችሁ ከዚያ ሰው ጋር ያላችሁን ነገር ቁረጡ።

ገበያ መሃል «ሌባ!» ብላችሁ አትጩሁ። ሕዝብ ከተሰበሰበ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ አይጣራም፣ ሰው ይሞታል፤ ያ ሰው ደግሞ ከሦስተኛ እጅ ገዝቶ የሚሸጥ ምስኪን ሊሆን ይችላል።

የራሳችሁ ሞተር ሳይክል ተሰርቆ ዕቃውን ገበያ ላይ ብታዩትም እንደዚያው ነው። ተደራድራችሁ መልሳችሁ አትግዙት፤ ፎቶ አንሱ፣ የሱቁን ቁጥር ያዙ፣ ያመለከታችሁበትን ወረቀት ይዛችሁ ፖሊስ አስከትላችሁ ተመለሱ። የእናንተ መሆኑን የምታስረዱት ግን አስቀድማችሁ ምልክት ካደረጋችሁ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ የታርጋችሁን የመጨረሻ አራት አሃዞች በኤሌክትሪክ መቅረጫ ወይም በጠንካራ የብረት ሹል ከሰልባትዮው ሥር፣ ከወንበሩ ብረት ውስጠኛ ጎን፣ ከካርቡራተሩ ሳህን ሥርና ከሁለቱ ሞዞዎች ላይ ጻፉ፣ በቀጭን የጥፍር ቀለም ሙሉት፣ እያንዳንዱንም ፎቶ አንሱና ወደ ራሳችሁ ቴሌግራም ላኩት። ዕቃውን አንድ ቀን ራሳችሁ ስትሸጡም ቁጥሩን አትፋቁ፤ ለገዢው የሊብሬውን ኮፒ ጨምሩለት።